እታገኝ ያልማለችበት ሁዳዴ

«ማይ እንጂ! አገሩ ሁሉ ምሎ ተቀምጧል፤ አንቺ ከማን በልጠሽ ነው?»

«አልበለጥሁም ደሴ። አልምልም ነው ያልሁህ።»

«በሬው የጠፋው የኔ፣ የምትግደረደሪው አንቺ።»

«እመት እታገኝ፣» አለ ጭቃ ሹሙ በዘንጉ መሬቱን እየጫረ፣ «ነገር አያክብዱ። ሌላው ያለውን ይበሉና ወደ ቤትዎ ይግቡ። ጦም ነው፤ ሕዝቡን ፀሐይ ፈጀው።»

«ሌላው ያለውን ሌላው ብሎታል።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቅ አመለጣትና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ሸጎጠች። እኔ ከእታገኝ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የቀሚሷን ጫፍ ይዣለሁ። እታገኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያን ሰሞን እናቴ አራስ ስለነበረች እኔን ወደ እሷ ቤት ልከውኝ ነበር። የፊት ጥርሶቼ የወለቁበት ዓመት ነው። በቀሚሷ በኩል እግሯ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ድምፅዋ ግን አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ ይህ ነው። ሰው እንዴት በእግሩ ፈርቶ በአፉ አይፈራም?

እታገኝ ወደ ቄስ ንጋቱ ዞረች። ቄስ ንጋቱ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ሕዝቡ የሚምልበትን መስቀል ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል።

«አባ፣ ጌታ አትማሉ ብሏል ብለው ያነበቡልን እርስዎ አይደሉም?»

ቄስ ንጋቱ መስቀሉን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «አነበብሁ ልጄ። ማንበብስ አነበብሁ። እንዲህ ጭብጥ አድርገሽ ትይዥዋለሽ ብዬ መቼ ጠረጠርሁ?»

ይኼኔ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የመለሰልኝ ሽታ ነው። በቀደም ዕለት መካነ ኢየሱስ ገበያ፣ ነጋዴዎች ጥሬ ቆዳ ጨው ነስንሰው በሚያሰጡበት ጥግ ሳልፍ እግሬ ቀጥ አለ። ለሌላው ሰው ጸሎት የሚሸተው እንደ ዕጣን ይሆናል። ለእኔ የሚሸተው እንደ እርጥብ ቆዳ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የምነግራችሁ ግን ያን ጊዜ እንዳየሁት፣ በጠርጣራ ልጅ ዓይን ነው።

ሁዳዴ እንደ ገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አለስልሶት ገበሬው ሁሉ ለገመሳ፣ ለመጀመሪያው እርሻ፣ ሲጣደፍ፣ የደሴ ቀይ በሬ ከመስክ ሳይመለስ ቀረ። ደሴ ከእኛ በላይ ያለው ጎረቤት ነው። ከነልጆቹ ሲፈልግ ሰነበተ፤ በሬው የለም። አንዳንዱ «ስማዳ አሻግረው ወገዳ ገበያ ሸጠውታል» አለ። ሌላው «አርደው በልተውት ነው» አለ፤ ጾም መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አስቀፋፊ አደረገው። ሰው እሳት ሊጭር ጎረቤት ሲገባ አፍንጫው ወደ ድስቱ ይሄድ ጀመር።

ጭቃ ሹሙ ግቢው ውስጥ አውጫጭ ጠራ። አውጫጭ ማለት አገር ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይገባበት ሸንጎ ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ ለሽማግሌ ጆሮ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ሹክ ይላል፤ የወፏ ማንነት አይጠየቅም። ወፍ ከጠፋች ግን ሁሉም ተራ በተራ መስቀል ጨብጦ ይምላል፦ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልጠረጠርሁም። ብዋሽ መድኃኔዓለም ይፍረድብኝ።» መድኃኔዓለም የደብራችን ታቦት ነው።

እኔ ወፏ እውነተኛ ወፍ መስላኝ ነበር። ከግቢው ዋንዛ ላይ አንድ ቁራ ተቀምጦ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያደርግ ስለነበር እሱን ጠረጠርሁት። ሽማግሌዎቹ የሰውን ፊት ሲያዩ እኔ ቁራውን ሳይ ዋልሁ። በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ እታገኝ ቤት አቅጣጫ ሲበር ቀሚሷን ይበልጥ ጨበጥሁ።

ሌላም ነገር አየሁ። «አልጠረጠርሁም» ብሎ የማለ ሁሉ ወደ ቦታው ሲመለስ በጎን ዓይኑ ጎረቤቱን ያይ ነበር። ያን ቀን በዚያ ግቢ ያልጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን ማለ። ከሁሉ ያማረው የአባቴ መሐላ ነው። መስቀሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ምንም ሳይደናቀፍ፣ እንደ ዜማ አወረደው። ኮራሁበት። ቀጥሎ የእታገኝ ተራ ደረሰ፤ እሷም አልምልም አለች።

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ሲንሾካሾኩ ቆዩና ጭቃ ሹሙ ፍርዱን ተናገረ። እታገኝ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልማለች በሬዋ ቦራ ለደሴ ይሰጣል። እስከዚያ እሳት የሚሰጣት፣ ማኅበር የሚያጠጣት፣ ደጇን የሚረግጥ አይኖርም። «ልጅ አይገዘትም፣» አሉ ቄስ ንጋቱ እኔን አይተው። ስለዚህ እኔ ከእሷው ጋር ቀረሁ።

ቦራ ያላት አንድ በሬ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አባቴ ቦራን ከራሱ በሬ ከጉራች ጋር እያጣመደ የሁለቱንም ቤት መሬት ያርሳል። ቦራ ከሄደ የእሷ ብቻ ሳይሆን የእኛም ማሳ ጦም ያድራል። ይህን ከደብሩ የማያውቅ አልነበረም፤ ደሴም ያውቃል።

የእታገኝ ቤት በሸንበቆ ለሁለት ተከፍሏል። ከሸንበቆው ወዲያ ማንም የማይገባበት ጠባብ ቦታ አለ። ጎህ ሲቀድ አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ሌላ ጊዜ እዚያ ትገባለች። እኔ እዚያ ውስጥ ሰው ደብቃለች ብዬ አምን ነበር። ጸሎት ማለት ለእኔ ቄስ ንጋቱ በግዕዝ የሚያዥጎደጉዱት፣ እኔ የማይገባኝ ነገር ነው። እታገኝ ግን የምታወራው ከሰው ጋር እንደሚወራ ነው። ጆሮዬን ከሸንበቆው ስንጥቅ አስጠግቼ እሰማታለሁ።

«ጌታዬ ኢየሱስ፣ መጣሁ። እንደ ትናንቱ ነኝ፤ አዲስ ነገር የለኝም። ጉልበቴን ያመኛል። ቦራ ደህና ነው፣ ይበላል። አንተ በጲላጦስ ፊት ዝም ብለሃል። ያን ዝምታህን እስከ ፋሲካ አውሰኝ፤ እመልስልሃለሁ።»

ከዚያ መልስ የምትሰማ ይመስል ጸጥ ትላለች። እኔ ግን ማንም ሲመልስ አልሰማሁም። ወንፊት ወይም ሙቀጫ ይመስል ዝምታን መዋስ ምን ማለት እንደሆነም አልገባኝም። የገባኝ «እስከ ፋሲካ» የሚለው ነው። በፋሲካ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። በሸንበቆው ስንጥቅ በኩል ወደ እኔ የሚመጣው ሽታ ብቻ ነበር፤ የእርጥብ ቆዳ ሽታ።

ቆዳ ካለ በሬ አለ አልሁ።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሴቶች ከምንጩ እስኪመለሱ ጠብቃ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ሸንበቆውን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሰው የለም። ከጣራው ወጋግራ ላይ ገና ያልደረቀ ምራን ተወጥሯል፤ ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍር ማለቴ ነው። ምራን በየገበሬው ቤት ስላለ ዓይኔን አልያዘውም። ዓይኔን የያዘው መሬቱ ነበር። ከወለሉ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ነገሮች ጎን ለጎን፣ ከፊታቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ አለች። የተቀበረ ነገር አለ ብዬ በእንጨት መቆፈር ያዝሁ። እንስራዋን ተሸክማ ደረሰችብኝ።

«ምን ትፈልጊያለሽ አንቺ?»

«በሬውን።»

ወደ ጉድጓዱ አየች፤ ወደ እኔ አየች። «በሬ እዚህ ውስጥ? ቀንዱን የት አድርጌ?»

«አንቺ ነሻ የምታውቂው።»

እንስራዋን አውርዳ ከጎኔ ተቀመጠች። «ይህ ጉልበቴ ነው። ይህም ጉልበቴ። ይቺ ደግሞ ግንባሬ ናት። ስወድቅ ስነሣ፣ ስወድቅ ስነሣ፣ መሬቱ ለመደኝ።»

አላመንኋትም። ጉልበቴን ከአንዱ ውስጥ ከትቼ ለካሁት፤ ሰፋኝ። ሰው በግንባሩ መሬት ይቆፍራል የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

«ታዲያ ቆዳ ቆዳ የሚሸተው ምንድን ነው?»

የቆፈርሁትን አፈር በእጇ መልሳ ደለደለችው፤ ላዩን በውሃ ለቅልቃ በመዳፏ አለሰለሰችው። ስትጨርስ «ዓይንሽ መልካም ነው፣» አለችኝ። «ያየሽውን ሁሉ ግን ቶሎ ስም አታውጪለት።»

ከእናቴ ምድጃ ፍም በገል አድርጌ፣ በአመድ ሸፍኜ፣ ወደ እታገኝ የማመላልሰው እኔ ነበርሁ። አባቴ ያየኛል፤ ሂጂም አትሂጂም አይለኝም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጥቂት ሽምብራ በጨርቅ ቋጥሮ ከገሉ ጎን ያስቀምጥና ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ደግ ወንድም ነው ብዬ አሰብሁ። ደግ ሰው ለምን ፊቱን እንደሚያዞር ግን አልገባኝም።

የደሴ ልጆች ከካቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«በሬው ወዴት ሄደ ብለን ብንጠይቃት፣
ጌታ ያውቃል አለች ሻኛው ገና አንቋት።»

በሁዳዴ ሥጋ በላች ማለታቸው ነው። ድንጋይ እንዳልወረውር እጄ ላይ እሳት አለ። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ቤቱ መምታቱ ነው። መንገዱን ሙሉ፣ ሳላስበው፣ በልቤ እያልሁት ሄድሁ። ግጥም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያን ቀን ግን አንድ ነገር ገባኝ። ቤት የመታ ነገር እውነት ይመስላል። የአባቴም መሐላ ቤት ይመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ አምሮ የተነገረ ነገር ሁሉ ያስጠረጥረኛል፤ የራሴም ጭምር።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሰው ከሰው አይሳሳምም፤ መስቀል አይሳለምም። ስለዚህ እታገኝን ማንም አለመሳሙ ለጊዜው አልታወቀባትም፤ አገሩ ሁሉ እሷን መሰለ። በስቅለት ዕለት ሁሉም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥና በግቢው ሲሰግድ እሷ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ትሰግዳለች። እኔ በቅጥሩ ክፍተት ላይ ቁጭ ብዬ ውስጡንም ውጭውንም አያለሁ።

ያን ቀን ጌታ ኢየሱስንም ጠረጠርሁት። በሬው የት እንደገባ የሚያውቅ አንድ እሱ ነው፤ ሁሉን ያውቃል ብለውኛል። ታዲያ ለምን አይናገርም? አገር ሁሉ ሲምል ያልማሉት ሁለት ናቸው፤ እታገኝና ጌታ። ተማክረዋል አልሁ። በየቀኑ ከሸንበቆው ወዲያ የሚያወሩት ይህንኑ መሆን አለበት።

በሠርክ ላይ ሰው እየቀረበ ኃጢአቱን ለካህን በጆሮ ይናገራል፤ ካህኑም ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርጎ የሚሰግደውን ያዘዋል። አባቴ ቀረበ። ወደ ቄስ ንጋቱ ጆሮ ጎንበስ አለ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ግን አላየሁም። እንደማንኛውም ሰው ጥቂት ስግደት ታዘዘለት። ሰው የታዘዘውን ሰግዶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሲሄድ አባቴ አላቆመም። ይወድቃል፣ ይነሣል። ጋቢው በላብ ከጀርባው ተጣበቀ።

«ሞላን ዘንድሮ ምን አገኘው?» አለች አንዲት ሴት አባቴን እያየች።

«ስለ እህቱ ኃጢአት ነዋ፣» አለች ሌላይቱ። «እንዲህ ያለ ወንድም ማን ሰጥቶኝ።»

እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። አባቴ ከስግደቱ በተነሣ ቁጥር ዓይኑ ወደ መቅደሱ አይሄድም፤ እኔ በተቀመጥሁበት በቅጥሩ ክፍተት በኩል ወደ ኮሶው ዛፍ ነው የሚሄደው።

ዛሬ ለመጸለይ ስንበረከክ ያ ሰሞን ከጉልበቴ ሥር እንደ ጠጠር ይቆረቁረኛል። ቦራን ማንም አልወሰደውም። ለምን እንዳልተወሰደ በቤታችን የተናገረ የለም፤ ወፍ ትናገር ሰው ይናገር አላውቅም። የማልተወው ጥያቄ ሌላ ነው። እታገኝ ያልማለችው ጌታን ወድዳ ነው ወይስ ሌላ የምትወደው ነበር? ሁለት ፍቅር በአንድ አፍ ዝም ሲል ማን ይለየዋል? እሷን ሳስብ አምናለሁ። ወዲያው ደግሞ እጠረጥራለሁ። ከዚያ እንደገና እንበረከካለሁ።

በቀዳም ስዑር፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቄስ ንጋቱና አንድ ዲያቆን ቃጭል እያቃጨሉ የምሥራቹን ቀጤማ በየቤቱ ያድላሉ። እታገኝ ደጇን ጠርጋ፣ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ቆመች። ቃጭሉ ቀረበ። እጇን ዘርጋ ስታደርግ አየሁ። ቃጭሉ የእታገኝን ቤት አልፎ ወደ ላይ ወጣ። የተዘረጋውን እጇን መልሳ ነጠላዋን አስተካከለችበት፤ ለዚያ የዘረጋችው አስመስላ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቴ መጣ። ከአውጫጩ ወዲህ ደጇን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ራሱ ላይ ቀጤማ አስሯል።

«እቴ፣» አለ። «ይበቃል።»

«ግባና ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ነገ ሰው ሁሉ ሲገድፍ አንቺ ብቻሽን ልትቀመጪ ነው? ከቄስ ንጋቱ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እዚሁ ቤትሽ መጥተው ያስምሉሻል። ማንም አይሰማም።»

«የሚሰማስ አለ።»

«ቦራን ይወስዱታል እቴ። ጉራችን ከማን ጋር ልጠምደው? ካንቺ ጋር?»

«ጉልበቴ ነው እንጂ ጫንቃዬስ ደህና ነው።»

ልስቅ ነበር፤ የአባቴን ፊት አይቼ ተውሁት።

«ሦስት ቃል ነው፣» አለ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልጠረጠርሁም። አለቀ። ሁላችንም ብለነዋል።»

እታገኝ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች። ሸንበቆውን ወደ ጎን ገፍታ ወደ ወጋግራው ቀና አለች። በበሩ የገባው ፀሐይ እስከዚያ ደርሶ ነበር። ምራኑ ደርቋል፤ ሽታውም ለዝቧል። ባንድ በኩል ጠጉሩ አልተፋቀም። ቀይ ነው። ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ ቀይ መሆኑን ግን ያን ጊዜ አየሁት።

«ይህን ጠፍር ‹እስኪደርቅ ካንቺ ዘንድ ይቆይ› ብለህ ያመጣህ ዕለት ምንም አልጠየቅሁህም፣» አለች። «ዛሬም አልጠይቅህም። አንተ ግን አንድ ነገር ንገረኝ ሞላ። የጌታን መስቀል ይዤ ‹አላየሁም› ልበል? አንተው ‹በይ› በለኝ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። በይ አላላትም። ቃጭሉ ከደሴ ቤት በኩል ይሰማል።

«ገደል ራሱ ነው የገባው፣» አለ።

እታገኝ ሸንበቆውን እንደያዘች ቆመች።

«ከድርቆሼ ላባርረው ብዬ ነው። እጄ አልነካውም፤ ራሱ ነው የገባው። ወርጄ ሳየው ሞቷል። ምራኔ ተበጥሶብኝ ነበር፤ ከቆዳው አንድ ጠፍር ብቻ ነው የወሰድሁት እቴ። ሌላውን ጅብ ነው የበላው።»

ያን ሰሞን ሁሉ ሰው ወገዳ ብሏል፣ አርደውታል ብሏል። ገደል ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

«እኔ አልጠየቅሁህም፣» አለች እታገኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

አባቴ ወደ ወጋግራው ተንጠራርቶ ምራኑን ፈታው። ጠቅልሎ ከጋቢው ሥር አደረገው። ያን ጊዜ እኔም ቤት ውስጥ መኖሬን ያወቀ ይመስለኛል፤ አየኝ። እኔ እግሩን አየሁ። ከራሱ ላይ ቀጤማው ወልቆ ከወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም። ወጣ።

ከእታገኝ ደጅ ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ሽቅብ ወደ ደሴ ቤት፣ አንዱ ቁልቁል ወደ እኛ ቤት። የትኛውን እንደሚይዝ ለማየት ዘልዬ ተነሣሁ። እታገኝ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው።»

«ወዴት እንደሚሄድ ልየው።»

«ለሚያየው ተይለት፣» አለችና ሳንቃውን በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።